የቀጠሮ ልጆች፦ ሥር የሰደደ ሕመምና የልጅ አእምሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

አራተኛ ክፍል ሳለን አንድ ልጅ ከዴስኩ ተንሸራቶ ወደቀ። ጥርሱ ገጥሟል፤ እግሩ ወለሉን ይደበድባል። መምህሩ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ጫረና ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። እኛ «እንዳይነካችሁ፣ ትንፋሹ ይጋባል» እየተባባልን በሩ ላይ ተቆልለን እናያለን። ሲነቃ ሱሪው ረጥቦ ነበር። በማግሥቱ ቀረ። በሳምንቱ ሲመጣ ለሦስት በምንቀመጥበት ዴስክ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ማንም አላዘዘም፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ግን ወደ ኋላ ተዛውረው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጨርሶ አልተመለሰም።

ሐኪም ቤት ሄዶ ካርድ ቢወጣለት ኖሮ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው «የሚጥል በሽታ» የሚል ብቻ ነበር። የዴስኩ ባዶ መሆን የሚጻፍበት መስመር የለም። ይህ ዳሰሳ ስለዚያ መስመር ነው። ለዓመታት ወይም ዕድሜ ልክ የማይለቅ ሕመም የያዛቸው ልጆችና ወጣቶች ውስጣቸው ምን እንደሚሆን ተመራማሪዎች ምን ያህል አውቀዋል? ያወቁትስ ከጉና ወዲያ ላለ ልጅ ምን ይፈይዳል?

አገሩን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ተራራ ታክኮ ንፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ከዚያ በጋሸና በኩል ወልድያ ይወርዳል። ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት፣ አርብ ገበያ የታች ጋይንት፣ ወገዳ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተሞች ናቸው። ደጋው የገብስና የድንች ነው፤ ስማዳ ደግሞ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆ ድረስ ወርዶ ማሽላ ያበቅላል። ሁለቱ ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ድጋፍ ሲቀበሉ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። መኪና መንገዱ የሚያልፈው በጥቂት ከተሞች ነው፤ ሌላው ሕዝብ በእግሩ ነው የሚመጣው። አንድ ልጅ የወር መድኃኒቱን ለመውሰድ ሲነሳ አብሮት የሚሄድ አዋቂ ያስፈልጋል፤ ያ አዋቂ የዚያን ቀን እርሻውን ወይም የሰፈሩን ሥራ ትቷል። ስለ ልጁ ሐሳብና ጭንቀት ከማውራታችን በፊት የዚህን ሒሳብ ማወቅ ይገባል፤ ልጁ ራሱ ያውቀዋልና። በዘጠኝ ዓመቱ «በእኔ ምክንያት» ማለት የጀመረ ልጅ ከመርፌው ሕመም ይልቅ ይህ ይከብደዋል።

ጥያቄው በሌላው ዓለም በጥንቃቄ ከተጠና ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ማይክል ራተር የተባለው የእንግሊዝ የልጆች አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በዋይት ደሴት የሚኖሩ ልጆችን አንድ በአንድ መረመረ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ታተመ። በደሴቱ ልጆች በጠቅላላው ከ100 ወደ 7ቱ የአእምሮ ጤና ችግር ተገኘባቸው። አንጎልን የማይነካ ሥር የሰደደ ሕመም ካላቸው መካከል ከ100 ወደ 12 ወጣ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው፣ ሌላ የአንጎል ጉዳት ሳይኖርባቸው እንኳ፣ ወደ 29 አሻቀበ። በካናዳ የኦንታሪዮ ጥናት (1987 እ.ኤ.አ.) አንድ ተጨማሪ ነገር አሳየ። ሕመም ብቻ ያላቸው ልጆች አደጋቸው እጥፍ ገደማ ነው፤ ሕመሙ ከመሥራት፣ ከመጫወትና ከመዋል የከለከላቸው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

የኦንታሪዮውን ቁጥር እኔ የማነበው እንዲህ ነው። ልጁን የሚያደቀው የሕመሙ ስም ብቻ አይደለም፤ ከምን እንደተከለከለ ነው። ጋይንት ውስጥ ደግሞ የሚከለክለው ሕመሙ ራሱ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ወሬው ይቀድመዋል።

ወደ አገራችን እንግባ። በኢትዮጵያ ስለ ሥር የሰደደ ሕመም ከተደረጉ የገጠር ጥናቶች ሁሉ ለእኔ ትልቁ የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የቡታጅራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ቤት ለቤት ተዙሮ 60,820 ሰው ታይቶ የተሠራ ነው፤ 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ተገኘባቸው፤ ከ1,000 ሰው አምስት ማለት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱት ከ100 ሁለት እንኳ አልሞሉም። ሌላው በጠበል፣ በክታብ፣ በክብሪት ጭስ ወይም ያለ ምንም ሕክምና ነበር። ስለ ኅብረተሰቡ አመለካከት ባደረጉት ተከታታይ ጥናት ደግሞ በሽታው የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ብሎ የሚያምንና በንክኪ ይጋባል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ መሆኑን መዘገቡ። ያ የክፍላችን በር ላይ መቆለል በጥናት ተጽፎ ሳየው ደነገጥኩ። እኛ ብቻ አልነበርንም።

የቡታጅራው ጥናት ዋጋ የመጣው ቤት ለቤት ከመሄዱ ነው። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ብዙዎቹ ግን የሆስፒታል በር ላይ ተቀምጠው የሚቆጥሩ ናቸው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ገደማ የታተሙ ጥናቶች የሚጥል በሽታ ካለባቸው ታካሚዎች ከ10ሩ 7 ያህሉ መገለል እንደሚሰማቸው፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደግሞ የድባቴ ምልክት እንዳለው አገኙ። ትልቅ ቁጥር ነው። ግን ተጠያቂዎቹ አዋቂዎች ናቸው፤ ክትትል ላይ ያሉም ናቸው። ከወገዳ ቆላ ተነስቶ ጎንደር ከተማ ክትትል የሚይዝ ሰው ቢያንስ ቤተሰቡ ያልተወው፣ ብር ያለው፣ ተስፋ ያልቆረጠ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግማሹ ድባቴ ካለበት ቤት የቀረው እንዴት ይሆን? ምድጃ ላይ ወድቆ ፊቱ የተቃጠለው፣ ከብት እንዳይጠብቅ፣ ውኃ እንዳይቀዳ፣ ብቻውን እንዳይሄድ ተከልክሎ ከጓዳ የሚውለው? ለትዳር የምትፈለግ እህት ካለችው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቀው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አባባሉ ደባቂውን ይወቅሳል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ልጅቷ የሚጥል በሽታ እንዳለባት የታወቀ ቀን ለእርሷም ለእህቶቿም የትዳር ጠያቂ እንደሚቀር እናት ታውቃለች። መድኃኒቱ ይገኝ አይገኝ እርግጠኛ አይደለችም፤ የወሬውን ውጤት ግን እርግጠኛ ናት። መደበቋ ስሌት ነው።

የመለኪያው ነገር ሌላ ጣጣ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአምቦ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከ100 ልጆች ወደ 18ቱ የጠባይ ችግር እንዳለባቸው ሲገለጽ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በቡታጅራ የተሠራ ሌላ ጥናት 3.5 ብቻ አገኘ። የአምቦና የቡታጅራ ልጆች ይህን ያህል አይለያዩም። አንዱ ለወላጅ የሚቀርቡ ጥቂት «አዎ፣ አይ» ጥያቄዎችን ሲጠቀም ሌላው ረጅም የምርመራ ቃለ መጠይቅ ተጠቅሟል። ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ ብዙ ያሳልፋል።

በታመመ ልጅ ላይ ወንፊቱ ይብስ ይሳሳታል። በክሊኒኮቻችን የተለመደው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ እንቅልፍን፣ ድካምን፣ የምግብ ፍላጎትንና እንደ ልብ አለመንቀሳቀስን ይጠይቃል። ስኳር ያለበት ልጅ ሌሊት ሦስቴ ለሽንት ይነሳል፤ እንቅልፍ የለውም። የልብ ሕመምተኛው ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፊኖባርብ የሚወስደው ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ አንዳንዱ ልጅ ደግሞ በዚያው መድኃኒት ምክንያት ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል። መጠይቁ ይህን ሁሉ ነጥብ ይሰጠዋል። በሌላ በኩል በእኛ ዘንድ ልጅ ውስጡ ሲጎዳ የሚነገርባቸው ቃላት ሌሎች ናቸው፦ ሆድ ባሰው፣ ቅስሙ ተሰበረ፣ አንገቱን ደፋ፣ ሰው ፊት መቅረብ ጠላ። የጋይንት እናት «ልጅሽ ድባቴ አለበት?» ብትባል ምን እንደሆነ ላታውቅ ትችላለች፤ «ሆድ ይብሰዋል?» ብትባል ግን እስከ ማታ ታወራለች።

አሁን ወደ ስኳር። ጎንደር በዚህ ጥናት ከአፍሪካ ስማቸው ከሚነሳ ቦታዎች አንዷ ናት። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር የስኳር፣ የሚጥል በሽታና መሰል ክትትሎችን ከሆስፒታሉ አውጥተው በነርሶችና በጤና መኮንኖች እጅ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱ። በዚያ ሥራ ላይ ያስተዋሉትን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያሳትሙ ዓለምን የሚያስቆም ጥያቄ አነሱ። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በአብዛኛው ድሃ፣ ቀጫጫ፣ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ይህ በመጽሐፍ ከምናውቀው የስኳር ዓይነት ጋር አይገጥምም፤ በልጅነት ረሃብ የመጣ የስኳር በሽታ የሚባለውን ነገር እንደገና ማየት የለብንም ወይ? ጥያቄው ሲንከባለል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለው። ድርቅ ለሚመላለስበት ለጋይንትና ለስማዳ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

የዚህ ልጅ ጭንቀት ምን ይመስላል? ኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ማሰሮ ነው የሚያድረው። መርፌ ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያሰምጠዋል፤ ራሱን ይስታል። ስለዚህ በነሐሴ፣ ጎተራው በተራቆተበት ወር፣ «እራት ይኖር ይሆን?» ብሎ ሳያረጋግጥ መርፌውን አይወጋም። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ያቋርጣል» ብሎ ይጽፋል። ጾም ይገባል፤ እኩዮቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ እርሱ ይበላል፤ ያፍራል። በድግስ ላይ ሁሉም እያየው ምግብ ይመርጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ መጠይቅ ሰጥቼው ጭንቀት ካገኘሁበት፣ ያገኘሁት የአእምሮ በሽታ ነው ወይስ የኑሮውን ልክ የሚያውቅ ልጅ? ጥናቶቻችን ይህን ሲለዩ ብዙም አይታይም። ለውጤቱም ትልቅ ልዩነት አለው፤ ለመጀመሪያው ምክርና መድኃኒት፣ ለሁለተኛው አንድ ኩንታል እህል ነው የሚታዘዘው።

ጋይንት ውስጥ የሚገኝ ሌላ ሕመም አለ፤ ቁንጭር። ገደል ውስጥ በሚኖር ሽኮኮ ተጠልሎ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ የቆዳ ቁስል ነው። ከሁሉ በላይ ልጆችንና ወጣቶችን፣ ከሰውነትም ከሁሉ በላይ ፊትን ይይዛል። ጉንጭ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ይጀምርና ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ሲድንም ጠባሳ ትቶ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በላይ ጋይንት አዲስ ስለተከፈተው የቁንጭር ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል። ማዕከሉ መከፈቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ርቆ ነበር የሚኬደው። ከባዱ ሕክምና ለ28 ቀን በየቀኑ የሚወጉት መርፌ ነው፤ አንድ ወር ከትምህርት መቅረት ማለት ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ያለውን ግን ማን ይቆጥራል? ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገበያ የምትወጣ፣ ለሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ ተነሺ ስትባል የምታለቅስ ልጅ በሕክምናው መዝገብ «ድናለች» ተብላ ተዘግታለች።

ከእግር እብጠት የመጣ ማስረጃ እዚህ ላይ ይረዳናል። በሰሜን ኢትዮጵያ ቀይ አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት ካለባቸው ሰዎች ከ100 ወደ 13ቱ ከፍ ያለ የድባቴ ምልክት ሲገኝባቸው፣ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ግን አንድ እንኳ አልሞላም። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። የሚታይ ሕመም ልብን እንደሚሰብር ከዚህ በላይ ግልጽ ቁጥር አላውቅም።

ስለ ልብና ስለ ኤችአይቪ አጠር ላድርግ። በጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በሮችን (ቫልቮችን) የሚያበላሸው የሩማቲክ ሕመም የድሃ ልጅ በሽታ ነው፤ መከላከያው በየወሩ የሚወጉት ፔኒሲሊን ነው፤ ልጆች መርፌውን አጥብቀው ይፈሩታል። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ወረፋ ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ የወረፋው ርዝመት ግን በሺዎች ነው። ወረፋ ራሱ ሕመም ነው። ኤችአይቪን በተመለከተ ነጻ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከእናታቸው ቫይረሱን የወሰዱ ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ቫይረሱ ካለባቸው ወጣቶች ከሦስቱ አንድ በላይ የድባቴ ምልክት ነበራቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ «የሳንባ ነው»፣ «የልብ ነው» እየተባሉ ያደጉ ናቸው፤ እውነቱን በአጋጣሚ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ አንብበው የደረሱበትም አሉ። በሕመሙ ላይ የመታለል ቁጣ ተጨምሮባቸዋል።

አሁን አንድ የጋይንት ጉዳይ ላንሳ። አገሩ የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ እዚያ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ከወላጁ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ ከጎጆ የሚያድር ልጅ ነው። ይህ ልጅ የሚጥል በሽታ ወይም ስኳር ቢይዘው አስታማሚው የኔታና ጓደኞቹ ናቸው። በሆስፒታል በር ላይ የሚቆጥር ጥናት አይደርስበትም፤ በተማሪ ቁጥር የሚሠራ የትምህርት ቤት ጥናትም አያገኘውም፤ ቤት ለቤት የሚዞረውም ቤት ስለሌለው ያልፈዋል። ጉዳዩን ማጥናት የሚፈልግ ወጣት ተመራማሪ ካለ እዚህ ቢጀምር አዲስ ነገር ያገኛል። ጎጆዎቹ መንደር ሠርተው ነው የሚቀመጡት፤ የኔታ ካመኑት ደግሞ በሩ ክፍት ነው።

ጠበልን በተመለከተ የሕክምና ሰዎች ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ሕክምናን የሚያዘገይ» ብሎ ያልፈዋል። እውነት አለው። ግን ግማሹ ነው። ጠበል ቦታ ማንም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የማይሸሽበት፣ የታመመ ልጅ ከሌሎች የታመሙ ጋር የሚውልበት ቦታ ነው፤ በጋይንት የልጁን ሆድ መባስ የሚሰማ ሌላ ተቋም ስንት አለ? የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ መናገራቸው ብዙ ሰው አትርፏል። ለፊኖባርብና ለኢንሱሊንም ያንኑ ቃል የሚናገር የደብር አስተዳዳሪ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

ጦርነቱ ደግሞ ሁሉን አወከው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ንፋስ መውጫን ይዘው ሰነበቱ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ወቅት ስለተፈጸሙ አስገድዶ መድፈሮችና ስለ ተዘረፉ የጤና ተቋማት መዝግቧል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ፣ አንዳንዴ ሳያቋርጥ ይመለሳል። ልጁ ክፍል ውስጥ መውደቅ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር እንበል፤ መንገዱ ለሦስት ሳምንት ተዘጋ፤ እንደገና ወደቀ። ያን ልጅ ዳግም ወደ ዴስኩ የሚመልሰው ክኒን ብቻ አይሆንም።

ታዲያ የሚሠራ ነገር አለ? አለ። በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተካሄደው ፕራይም የተባለ ፕሮጀክት የጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን የአእምሮ ሕመምንና የሚጥል በሽታን አክሞ መከታተል እንደሚችል አሳይቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በአእምሮ ጤና የማስተርስ ባለሙያ ያሠለጥናል። የጤና ኤክስቴንሽን ፓኬጅም የአእምሮ ጤናን አክሏል። ለልጅ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚስበኝ ዝቫንዲሪ የተባለው የዚምባብዌ ፕሮግራም ነው። ኤችአይቪ ያለበት የ19 ዓመት ወጣት ሠልጥኖ ቫይረሱ ያለበትን የ13 ዓመት ልጅ ቤቱ ድረስ ይጎበኛል፤ መድኃኒቱን ያስታውሳል፣ ያወራዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ እንዲህ የተጎበኙት ልጆች ቫይረሳቸውን በተሻለ እንደተቆጣጠሩ አረጋግጧል። ነርሷ «አይዞህ» ስትለው ልጁ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ ያው በሽታ ያለበት ጎረምሳ ሲለው ያምናል። ለጋይንት ይህን ማድረግ ሐኪም አይጠይቅም። የስኳርና የሚጥል በሽታ ልጆችን ቀጠሮ በአንድ ቀን፣ በተለይ በገበያ ቀን ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ እርስ በርስ ይገናኛሉ። የጤና መድኅን ለካርዱና ለመድኃኒቱ ይከፍል ይሆናል፤ ጓደኛን ግን ቀጠሮው ነው የሚሰጠው።

ፍርዴን ልናገር። «ምን ያህሉ ድባቴ አለባቸው» የሚለውን በሆስፒታል በር ላይ መቁጠር ከእንግዲህ አዲስ እውቀት አይሰጠንም፤ ቁጥሩ ከፍተኛ መሆኑን አውቀናል። የሚቀረው ከበሩ ወዲያ መሄድ ነው፤ ወደ ጓዳው፣ ወደ ክፍሉ፣ ወደ ጎጆው።

ይህን የሚያነቡ መምህር ካሉ አንድ ልመና አለኝ። ክፍልዎ ውስጥ ልጅ ሲወድቅ ክብሪቱን ይተዉት። በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አያስገቡ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ካለ ያላሉለት፤ ሰዓት ይያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሲነቃ እርጥቡን ሱሪ የሚሸፍንበት ጋቢ ይስጡት። በማግሥቱ ደግሞ ከእርሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡትን ሁለት ልጆች ራስዎ ይምረጡ።